በደብረ ብርሃን ሜዳ የሚታዩት ሁለቱ ላርኮች የትኞቹ ናቸው?

ጥያቄው ሜዳ ላይ መሬት ለመሬት ስለሚሄዱት ትንንሽ ዘማሪ ወፎች፣ ስለ ላርኮች ነው፤ የመጣውም ደብረ ብርሃን አጠገብ ከሚያስተምሩ አንድ መምህር ነው። አሳጥሬ ላስቀምጠው፦ «በግጦሽ ሜዳችን ላይ ሁለት ዓይነት የመሬት ወፎች አሉ። አንዷ አናቷ ቀይ፣ አንገቷ ግራና ቀኝ ጥቁር ነው። ሌላዋ ቁንጮ አላት። ትምህርት ቤታችን ያለው የቆየ የወፍ መጽሐፍ የመጀመሪያዋን ‹ቀይ ቆብ ላርክ› ይላታል፤ ስልኬ ላይ ያለው መተግበሪያ ‹ኤርላንገር ላርክ› ይላታል፤ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ ‹ብላንፎርድ ላርክ› ናት ብሎ ይከራከረኛል። ባለ ቁንጮዋስ አፋር ሜዳ ላይ ከምናያት ጋር አንድ ናት? ወደ ሸዋ ሮቢት ስንወርድ ሁለቱም የሚጠፉትስ ለምንድን ነው?»

መምህር፣ መልሱን አስቀድሜ ልስጥዎና ወደ ምክንያቱ እንሄዳለን። ቀይ አናት ያላት ኤርላንገር ላርክ ናት፤ በሳይንሳዊ ስሟ ካላንድሬላ ኤርላንገሪ። መጽሐፍዎም ስልክዎም የሚያወሩት ስለዚችው ስለ አንዲት ወፍ ነው፤ የሚለያዩት በተዘጋጁበት ዘመን ነው። ባልደረባዎ የሚሏት ብላንፎርድ ላርክ የቅርብ ዘመዷ ናት፤ አገሯ ግን ሰሜን ኢትዮጵያና ኤርትራ ነው። ባለ ቁንጮዋ ቴክላ ላርክ፣ ጋለሪዳ ቴክላይ ናት። አፋር ያዩዋት አሸዋማና ሜዳማ በረሃ ላይ ከነበረች፣ እሷ ክሬስትድ ላርክ፣ ጋለሪዳ ክሪስታታ የምትባለው ሌላ ዝርያ ሳትሆን አትቀርም። የሚጠፉትም ቁልቁለቱ ስለሚለያያቸው ነው። ላርኮችን ለመለየት ከላባቸው በፊት የቆሙበትን ከፍታና አፈር ይጠይቁ የምለው ለዚህ ነው።

መጀመሪያ ግን ያዩዋት ወፍ ላርክ መሆኗን እናረጋግጥ። በእኛ ዘንድ ጥቃቅኑ ወፍ ሁሉ ድምቢጥ ተብሎ ይታለፋል፤ በደጋው ሜዳ ላይ ደግሞ ቡናማና ዝንጉርጉር ሆና መሬት ለመሬት የምትሄድ ወፍ ብዙ ናት። ከላርክ ጋር አዘውትረው የሚምታቱት ፒፒቶች ናቸው። ፒፒት ቀጠን ትላለች፣ ምንቃሯ ሰላላ ነው፣ ስትቆም ጅራቷን ከፍ ዝቅ ታደርጋለች። በበጋ ከሩቅ ሰሜን የምትመጣው ባለ ቀይ ጉሮሮ ፒፒት በየጨፌው በመንጋ ስትሰማራ ብዙ ተመልካች ላርክ ብሎ ይመዘግባታል። ከዚያ ይልቅ የምታታልለው ግን የሐበሻ ሎንግክሎው ናት። የኢትዮጵያ ደጋ ብቻ ወፍ ናት፤ ጀርባዋን ሰጥታ ስትቆም ላርክ ናት ብለው ይምላሉ፤ ዞር ስትል ብርቱካንማ ጉሮሮዋና እሱን የከበበው ጥቁር ቀለም ይታያል። ፒፒትም ሎንግክሎውም የውኃ ዳር ጅራተ ረጃጅሞቹ የዋግቴሎች ቤተሰብ ናቸው፤ ከላርክ ጋር ያመሳሰላቸው ዝምድና ሳይሆን ሜዳ ላይ መኖር ነው።

ላርኮች ግን የራሳቸው ቤተሰብ አላቸው፤ አላውዲዴ ይባላል። በዓለም ላይ ወደ 100 የሚጠጉ ዝርያዎች ሲኖሩ ከግማሽ የሚበልጡት አፍሪካ ውስጥ ይገኛሉ። ወደ አሜሪካ በተፈጥሮ የደረሰችው አንዲት ብቻ ናት፤ ቀንድ መሳይ ላባ ያላት ሆርንድ ላርክ። ቤተሰቡን ከሌላው ዘማሪ ወፍ የሚለዩት ምልክቶች ደግሞ በዓይን የሚታዩ አይደሉም፤ ወፏን እጅ ላይ ይዘው የሚመለከቷቸው ናቸው። የሌሎች ዘማሪ ወፎች ቅልጥም ከኋላ በኩል ስል ጠርዝ አለው፤ የላርክ ግን ክብ ነው፣ በቅርፊትም የተከፋፈለ ነው። በድምፅ ማውጫ አካላቸው መካከልም ሌሎቹ ያላቸው ትንሽ የአጥንት ድልድይ የላርኮች ላይ የለም። ይህ አጥንት ሳይኖራቸው ከወፍ ሁሉ ረጅሙን ዜማ አየር ላይ ተንጠልጥለው ከሚያዜሙት መካከል መሆናቸው ሁልጊዜ ይገርመኛል። በእነዚህ ልዩነቶች ምክንያት የቀድሞ ሊቃውንት ላርኮችን የት እንደሚያስቀምጡ ተቸግረው ነበር። የዲኤንኤ ጥናት ሲመጣ የቅርብ ዘመዳቸው ሆና የተገኘችው በአውሮፓና በእስያ ሸምበቆ ውስጥ የምትኖረው ፂማም ወፍ ቢርድድ ሪድሊንግ ናት። ላባቸውን አይቶ ይህን የጠረጠረ ሰው አልነበረም።

ወደ ኤርላንገር እንመለስ። ይህቺን ወፍ እ.ኤ.አ. በ1906 ለሳይንስ ያስተዋወቃት ጀርመናዊው ኦስካር ኖይማን ነው። ስሟን የሰጣት ለካርሎ ፎን ኤርላንገር መታሰቢያ ነው፤ ኤርላንገር ከ1899 እስከ 1901 ኢትዮጵያንና ሶማሌን አቋርጦ እጅግ ብዙ ወፎችን የሰበሰበ ወጣት ተመራማሪ ነበር፤ በ1904 በመኪና አደጋ ሞተ። ለሸዋ ሰው የሚቀርበው ታሪክ ግን ከዚህ የቀደመ ነው። አንኮበር ሥር ልጥ ማረፊያ በተባለው ቦታ ዳግማዊ ምኒልክ ለጣሊያን የጂኦግራፊ ማኅበር መሬት ሰጥተው ነበር፤ የጣቢያው ኃላፊ ኦራዚዮ አንቲኖሪ እዚያው በ1882 እስኪሞት ድረስ የሸዋን ወፎች ሲሰበስብ ኖሯል። ስለዚህ የሰሜን ሸዋ ወፎች ለሳይንስ እንግዳ አይደሉም፤ ከ140 ዓመት በፊት በየሣጥኑ ተደርድረው ኢጣሊያ ገብተዋል። ወፎቹ ታወቁ፤ ለመቶ ዓመት ሲያከራክር የኖረው «ዝርያ ናት ወይስ የሌላዋ ቅርንጫፍ» የሚለው ነው።

በ20ኛው መቶ ዘመን ብዙዎቹ መጻሕፍት ኤርላንገርን የቀይ ቆብ ላርክ፣ የካላንድሬላ ሲኔሪያ፣ ንዑስ ዝርያ አድርገው ይቆጥሯት ነበር። ቀይ ቆብ ላርክ ከደቡብ አፍሪካ ተነሥታ እስከ ኬንያ የምትደርስ ወፍ ናት። መጠናቸው ተቀራራቢ፣ አናታቸው ቀይ፣ ኑሯቸው አጭር ሣር ላይ ስለሆነ በአንድ ስም መጠቅለሉ ያን ጊዜ ምክንያት ነበረው። ሌሎች ደግሞ ከብላንፎርድ ጋር አዳበሏት። የትምህርት ቤትዎ መጽሐፍ የተዘጋጀው ከእነዚህ የአንዱ አስተያየት ገዥ በነበረበት ጊዜ ነው። ይህን በመጽሐፉ ኅዳግ ላይ በእርሳስ ጽፈው ተማሪዎቹን ማስነበብ ይችላሉ፤ መጣል የለበትም።

አሁን የተለየችበትን ምክንያት በሜዳው ላይ ራስዎ ሊያዩት ይችላሉ። የደቡቧ ቀይ ቆብ ላርክ አናቷ ደማቅና ንጹሕ ቀይ ነው፤ ደረቷ ግራና ቀኝም በዚያው ቀይ ነው የተቀባው። የእርስዎዋ አናት ግን የጠቆረ ቀይ ሆኖ ጥቁር ጭረት አለበት፤ የአንገቷ ጎንም ጥቁር ነው። «ግራና ቀኝ ጥቁር» ብለው መጻፍዎ ግማሹን ሥራ ሠርቶልኛል። ብላንፎርድም ጥቁር አላት፤ ነገር ግን በጠቅላላው የገረጣች፣ ደረቅ አገር የምትመስል ወፍ ናት። ስሟን ያገኘችው በ1868 ከናፒየር ጦር ጋር ወደ አፄ ቴዎድሮስ አገር ከመጣው የጂኦሎጂ ባለሙያ ከዊልያም ብላንፎርድ ነው። ቀደም ሲል በዚህ ስም ሥር ይጠቃለሉ የነበሩት የደቡብ ምዕራብ ዓረቢያና የሶማሌ ወፎች በዲኤንኤ ተለይተው ካላንድሬላ ኤረሚካ የሚባል የራሳቸው ዝርያ ሆነዋል። ስለዚህ ለባልደረባዎ፦ የብላንፎርድ ክልል በየጊዜው እየጠበበ እንጂ ወደ ሸዋ እየሰፋ አልመጣም ይበሉልኝ።

ለእኔ ከሁሉ የሚደንቀው የዚህ ወገን ዝምድና ነው። ስዊድናዊው ፔር አልስትሮምና ባልደረቦቹ በ2013 የላርኮችን ቤተሰብ በዲኤንኤ ሲመረምሩ፣ ካላንድሬላ ተብለው ለዘመናት አንድ ላይ የተቀመጡት ትንንሽ ገርጣታ ላርኮች ሁለት የተራራቁ ቡድኖች ሆነው ተገኙ። አንዱ ቡድን ካላንድሬላ የሚለውን ስም ይዞ ቀረ፤ ሌላው አላውዳላ የሚል ስም ወሰደ። የሶማሌዋ አጭር ጣት ላርክ በሁለተኛው ውስጥ ናት። ኤርላንገርና እሷ ጎን ለጎን ቢቆሙ እህትማማች ይመስላሉ፤ የዘር ሐረጋቸው ሲታይ ግን ኤርላንገር ይበልጥ የምትቀርበው በሞሮኮ ተራሮችና በአሜሪካ ሜዳ ለምትኖረው ለሆርንድ ላርክ ነው። ደብረ ብርሃን ውርጭ ላይ የምትሮጠው ወፍ ከካናዳዋ ጋር የሥጋ ዝምድናዋ ከጎረቤቷ ከሶማሌዋ ይልቅ ይጠብቃል ማለት ነው።

ይህ የሆነበት ምክንያት ግልጽ ነው። ላርክ የሚደበቅበት ዛፍ የለውም፤ መደበቂያው የላባው ቀለም ነው፣ ላባው ደግሞ አፈሩን ይመስላል። ይህ በጥሩ ሁኔታ የታወቀው በዴዘርት ላርክ ላይ ነው፤ ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ላይ የምትኖረዋ ጠቆር፣ ነጭ አሸዋ ላይ የምትኖረዋ ገርጣ ትላለች፤ ዝርያዋ ግን አንድ ነው። የምንቃር ውፍረትም ምግቡን ይከተላል፤ ጠንካራ ዘር የሚፈልጡት በየቤተሰቡ ክፍል ተለያይተው ወፍራም ምንቃር አብቅለዋል። ስለዚህ በቀለምና በምንቃር የተሠራው የድሮ አመዳደብ ብዙ ቦታ ተናግቷል። ሚራፍራ ይባል የነበረው ትልቁ የአፍሪካ ወገን በ2023ቱ ጥናት መሠረት ለአራት ተከፍሏል። ስልክዎ ነገ ደግሞ ሌላ ስም ቢያሳይዎት አይደንግጡ።

ባለ ቁንጮዋ ላይ የሚነሣው ክርክር የቆየ ነው። ቴክላ ላርክን ጀርመናዊው አልፍሬድ ብሬም በ1857 ሲገልጻት ስሟን የሰጣት በዚያው ዓመት ለሞተችው እህቱ ለቴክላ ነው። የሰሜንና የመካከለኛው ደጋችንን ንዑስ ዝርያ ደግሞ ያው ብላንፎርድ ነው ከዘመቻው መልስ የሰየማት። ስርጭቷ የተሰነጠቀ ነው፤ አንዱ ክፍል ስፔንና ሰሜን ምዕራብ አፍሪካ፣ ሌላው ክፍል የኢትዮጵያ ደጋና የአፍሪካ ቀንድ። በመካከሉ ባለው ሰፊ ደረቅ አገር የምትገኘው ክሬስትድ ላርክ ናት። ክሬስትድ ከፖርቱጋል እስከ ቻይና የተዘረጋች፣ በአህዮችና በግመሎች መንገድ ላይ የምትኖር፣ ሜዳና አቧራ የምትወድ ወፍ ናት፤ ቴክላ ግን ድንጋይ ያለበት ሸንተረር፣ የማሳ ካብና ቁጥቋጦ ካላገኘች አትረጋጋም። በእኛ ደጋ የካብ ድንጋይ ላይ ወጥታ ስታዜም ያገኟታል፤ ኤርላንገር ግን ካብ ላይ ብዙም አትወጣም፣ የታረሰው ማሳና የታጨደው ገብስ ውስጥ በመንጋ ትሮጣለች። ሁለቱ በአንድ ሜዳ ላይ የሚኖሩት በዚህ ተከፋፍለው ነው።

ቁንጮው ግን ለመለየት አይጠቅምም፤ ሁለቱም አላቸው፣ ሲፈልጉ ያቆሙታል ሲፈልጉ ያስተኙታል። የሚጠቅመው ምንቃሩና ደረቱ ነው። የቴክላ ምንቃር አጠር ብሎ የታችኛው መንጋጋ ወደ ታች ጎበጥ ይላል፤ ደረቷ ላይ ያለው ጭረት ወፍራምና ጥርት ያለ ነው። የክሬስትድ ምንቃር ረዘም ይላል፣ የታችኛው መስመር ቀጥ ያለ ነው፣ የደረቷ ጭረት የደበዘዘ ነው። የአውሮፓ መጻሕፍት በክንፍ ሥር ቀለም ይለዩ ይላሉ፤ የእነሱን ወፎች አይተው የጻፉት ነው፣ እርስዎ ምንቃሩን ይመኑ። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለኝ። «ቴክላ ደጋ፣ ክሬስትድ ቆላ» የሚለው ደንብ የሚሠራው ለሰሜን ሸዋ ቁልቁለት ነው። ቦረናና ሶማሌ ውስጥ ቴክላም ዝቅ ብላ ደረቁ አገር ላይ ትኖራለች፤ እዚያ ከፍታ ብቻውን አይፈርድልዎትም።

አሁን መንገዱን እንውረድ። ደብረ ብርሃን ከ2800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ጣርማ በር ላይ ከ3000 ሜትር በላይ ወጥተው፣ በዋሻው አልፈው፣ ደብረ ሲናን ይዘው መቶ ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ 1300 ሜትር ገደማ ላይ ሸዋ ሮቢት ይደርሳሉ። ገብስና ባቄላው በማሽላና በማንጎ ይተካል። ወፎቹ ግን ከሰብሉ ቀድመው ነው የሚለወጡት፤ ምክንያቱም ቁልቁለቱ ራሱ፣ ገደሉና ደኑ፣ ለላርክ ኑሮ አይመችም። ላርክ ሜዳ ይፈልጋል። ስለዚህ በደጋው ሜዳና በቆላው ሜዳ መካከል ላርክ የሌለበት ሰፊ ድንበር ይገኛል፤ ከታች የሚጠብቁዎት ደግሞ ሌሎች ናቸው።

ከታች ቁጥቋጦ በበዛበት ሣር ላይ ፍላፔት ላርክን በድምፅ ያውቋታል፤ ዜማዋ ሳይሆን ክንፏ ነው የሚጮኸው፣ ከፍ ብላ እየበረረች ክንፏን ታርገበግባለች። ወደ አዋሽና አፋር ሲጠጉ ድንቢጥ መሳይ ላርኮቹ፣ ኤረሞፕቴሪክስ የሚባሉት፣ ይመጣሉ። እነዚህ ከአብዛኞቹ ላርኮች የሚለዩት ወንዱና ሴቷ ስለማይመሳሰሉ ነው፤ ወንዱ ሆዱ ጥቁር፣ ጉንጩ ነጭ ነው። ባለ ጥቁር አናቱ የእውነተኛው በረሃ፣ ባለ ቡናማ ጀርባው ደግሞ እርሻና ሣር ያለበት ቆላ ወፍ ነው። ከዚያ ወዲያ፣ ድንጋያማው በረሃ ላይ ዴዘርት ላርክ፣ አሸዋው ላይ ደግሞ ረጅም ጠማማ ምንቃር ያላትና ስትበር ክንፏ ጥቁርና ነጭ የሚሆነው ሁፖ ላርክ አሉ። ሁፖ ላርክን መጀመሪያ ያየ ሰው ላርክ ናት ቢሉት አያምንም።

ወደ ሰሜን ዞረው መንዝ ጓሳ ላይ ከወጡ ግን ከ3200 ሜትር በላይም ላርክ አለ። ቴክላ ድንጋያማው ላይ ትኖራለች፤ ጓሳ የሚባለው ሣር ከፍ ብሎ ባደገበት ግን ብዙም አያገኟትም፣ ሣሩ አጭር የሆነበትንና የተጋጠውን ይፈልጉ። መንዞች ጓሳን ቀሮ በሚባለው የጋራ አጠባበቅ ሥርዓት ከዘመናት በፊት ጀምሮ ሲጠብቁት የኖሩት ለቤት ክዳን፣ ለገመድና ለክፉ ቀን ግጦሽ ነው፤ ወፉና ቀይ ቀበሮው የተረፉት በዚያው ጥላ ሥር ነው።

«ስም ቢለያይ ምን ያጎድላል?» ብለው ሊጠይቁኝ ይችላሉ፤ ተማሪዎችዎማ በእርግጥ ይጠይቁዎታል። ከሸዋ ወጥቼ የሊበንን ላርክ ልንገርዎ። ፈረንሳዊው ክሎድ ኤራር በ1975 ነገሌ ቦረና አጠገብ ካለው የሊበን ሜዳ አዲስ ዝርያ ገለጸ። ሜዳው በእርሻ፣ በቁጥቋጦና በልቅ ግጦሽ እየጠበበ ሲሄድ ወፏ ከአፍሪካ ዋና ምድር መጀመሪያ የምትጠፋ ወፍ እንዳትሆን ተፈራ። በሌላ በኩል በሶማሌላንድ ድንበር ጂኦፍሪ አርቸር ያገኛትና ከ1922 ወዲህ በእርግጠኝነት ያልታየች ሌላ ላርክ ነበረች። በኋላ ጅጅጋ አካባቢ ጥቂት ወፎች ተገኙና ሲመረመሩ፣ በ2013 በታተመው ጥናት መሠረት የሊበኗና የአርቸሯ አንድ ዝርያ ሆኑ። ለየብቻ ይቆጠሩ የነበሩ ሁለት ዝርያዎች አንዲት እጅግ የተጎሳቆለች ዝርያ ሆነው ቀሩ ማለት ነው፤ ሄተሮሚራፍራ አርቸሪ። ብቸኛዋ የወገኗ ባልንጀራ ሩቅ ደቡብ አፍሪካ ነው ያለችው። የሚጠበቀው ሜዳ የት የት እንደሆነ የሚወሰነው በዚህ ዓይነት ውሳኔ ነው። ተቃራኒውም ያጋጥማል፤ ያው ኤራር በዚያው ዓመት የገለጻት የደጎዲ ላርክ በ2009 ስትመረመር የጊሌት ላርክ ሆና ተገኘች፤ አገራችን ከብቸኛ ወፎቿ ዝርዝር አንዷን ሰረዘች።

ለትምህርት ቤትዎ መዝገብ «ኤርላንገር ላርክ» እና «ቴክላ ላርክ» ብለው ይጻፉ። ፎቶ ሲያነሡ ከፊት ሳይሆን ከጎን ያንሡ፤ አናቱ፣ የአንገቱ ጎንና የምንቃሩ የታች መስመር በአንድ ላይ የሚታዩት ከጎን ነው። ቀኑን፣ የቦታውን ስምና ስልክዎ የሚያሳየውን ከፍታ አብረው ይመዝግቡ፤ መሬቱ የታረሰ፣ የተጋጠ ወይም ድንጋያማ መሆኑን አንድ ቃል ይጨምሩ። ጎጆዋ መሬት ላይ ስለሆነ ልጆቹ እንቁላል ፍለጋ ሣሩን እንዳይረግጡ ያስጠንቅቁልኝ። መተግበሪያው ስም ሲሰጥዎት ያለ ማመንታት አይቀበሉ፤ የቦታ አገልግሎቱ ከተዘጋ የደቡብ አፍሪካን ወፍ ደብረ ብርሃን ላይ ሊያቀርብልዎ ይችላል፤ ከተከፈተ ግን ግምቱ ብዙ ይሻሻላል።

አንድ ነገር ደግሞ እኔ ልጠይቅዎ። ተማሪዎችዎን ይዘው ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲናና ሸዋ ሮቢት በሚወርዱበት ቀን፣ ቴክላ ለመጨረሻ ጊዜ የታየችበትንና ከቆላዎቹ የመጀመሪያዋ የተገኘችበትን ከፍታ ጽፈው ይላኩልኝ፤ አንድ ጊዜ በሐምሌ፣ አንድ ጊዜ በጥር ቢሆን ደግሞ መንጋው ከክረምት ወደ በጋ ይዘዋወር እንደሆነ አብረን እናየዋለን።